በአረጋውያን ድባቴና በደም ሥር መድኃኒቶች ዙሪያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አረጋዊ ባሉበት ቤት የደም ግፊት መድኃኒት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አምሎዲፒኑ ወይም ኢናላፕሪሉ ከራስጌ ይቀመጣል፣ የቀጠሮው ቀን በልጆች ዘንድ ይታወቃል፣ ወጡ ላይ ጨው ይቀነሳል። በዚያው ቤት አረጋዊው ከሰው መራቅ ሲጀምሩ፣ ምግብ ሲያስጠላቸው፣ ከጎረቤት ቡና ሲቀሩና ወራቱን ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጠው ሲውሉ ግን ጉዳዩን ከግፊቱ ጋር አያይዞ የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሁለቱን ማያያዝ የጀመሩትም ቢሆኑ አንዳንዴ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዱና የግፊት ክኒን ለሐዘንና ለድካም መድኃኒት ይመስላቸዋል።

የደም ግፊትና የድባቴ (ዲፕሬሽን) ግንኙነት ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ጆርጅ አሌክሶፖሎስና ባልደረቦቻቸው፣ በዚያው ዓመትም ራንጋ ክሪሽናን ያሉበት ሌላ ቡድን፣ በእርጅና ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚነሣ ድባቴ አንዱ መንሥኤ የአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች ጉዳት ሊሆን እንደሚችል የሚያስረዳ ሐሳብ አቀረቡ። ለዓመታት ቁጥጥር ያልተደረገበት ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራ የአንጎልን የፊት ክፍል ከውስጠኛው ክፍል ጋር የሚያገናኙትን መስመሮች ይጎዳሉ፤ እነዚህ መስመሮች ደግሞ ስሜትን፣ ተነሣሽነትንና ነገርን አስቦ የመጀመር ችሎታን የሚያስተናግዱ ናቸው። ይህ ሁኔታ የደም ሥር ድባቴ ተባለ፤ ከዚያም እንደ ግፊት ክኒን ያሉ የደም ሥር መድኃኒቶች ድባቴን ይፈውሱ ይሆን የሚለው ጥያቄ ተከተለ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ከታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት መልሱን ግማሽ ብቻ ከመስማት ነው።

«እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። ቤተሰብ ድባቴን የሚያውቀው በለቅሶ ነው፤ የሚያለቅስ፣ ራሱን የሚወቅስ፣ ሆድ የሚብሰው ሰው ሲያይ ይደነግጣል። ከደም ሥር ጉዳት ጋር የተያያዘው የአረጋውያን ድባቴ ግን ብዙ ጊዜ ለቅሶ የለውም። የሚታየው ዝግታ ነው። አረጋዊው ሲራመዱም ሲናገሩም ይዘገያሉ፣ ይወዱት የነበረው ነገር ግድ አይሰጣቸውም፣ ልብስ ለመቀየር እንኳ ከየት እንደሚጀምሩ ይጠፋቸዋል፣ ሲጠየቁም «ምንም አልሆንኩም» ይላሉ። ብዙዎቹ በወጣትነታቸው እንዲህ ያለ ሕመም ኖሯቸው አያውቅም፤ በቤተሰባቸውም ውስጥ የታመመ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ልጆቻቸው ነገሩን ከሕመም ይልቅ ከዕድሜ ይቆጥሩታል፤ አንዳንዴም ከስንፍና ወይም ከኩርፊያ።

ወሎ ውስጥ ደግሞ አረጋውያን ስሜታቸውን በሰውነታቸው ይናገራሉ። «ራሴን ያዞረኛል»፣ «ወገቤን ቆረጠኝ»፣ «ጉልበት ከዳኝ»፣ «እንቅልፍ አጣሁ» ብለው ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ግፊታቸው ተለክቶ፣ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ይመለሳሉ። እዚህ ላይ የልጆች ምስክርነት ከማንኛውም ምርመራ አይተናነስም። «አባታችን ከመስከረም ጀምሮ መስጊድ መሄድ ትተዋል፣ ሬዲዮ መስማት ትተዋል፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበሉት» ብሎ ለሐኪሙ የሚናገር ልጅ ብዙ ሥራ ሠርቷል። ዝቅ ያለ ስሜት ወይም ለነገሮች ግድ ማጣት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከዘለቀ፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ወይም ከጉልበት ለውጥ ጋርም ከመጣ፣ ሊመረመር ይገባዋል።

በተቃራኒው በግፊት የሚታመም አረጋዊ ሁሉ ያዘነበት ምክንያት የደም ሥር ነው ማለትም ስህተት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጅ የቀበሩ፣ ቤታቸውና ሱቃቸው የተዘረፈ፣ በእግር የተሰደዱ ብዙ ሽማግሌዎች አሉ። የእነርሱ ሐዘን የራሱ ታሪክ አለው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሐዘንም፣ የደም ሥር ጉዳትም ሊኖረው እንደሚችል አስቦ ሁለቱንም መጠየቅ የሐኪሙም የቤተሰቡም ድርሻ ነው።

ግፊቱ ሲስተካከል ድባቴውም በራሱ ይለቃል ብሎ መጠበቅ

ይህ ጽሑፍ በዋናነት ሊናገር የፈለገው እዚህ ያለውን ነው። የደም ሥር መድኃኒት ድባቴን ማከም ይችል እንደሆነ በቀጥታ ከፈተኑት ሥራዎች ታዋቂዎቹ በአርጀንቲና የተሠሩት ሁለት ጥናቶች ናቸው፤ ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2005 ታትሟል። የተፈተነው መድኃኒት ኒሞዲፒን ነው። ኒሞዲፒን ከአምሎዲፒን ጋር የአንድ ወገን ነው፤ ካልሲየም ወደ ደም ሥር ጡንቻ እንዳይገባ በማድረግ ሥሩ እንዲላላ ያደርጋል፣ ከሌሎቹ ይልቅ ግን ወደ አንጎል በደንብ ይዘልቃል። በዚህም ምክንያት ዋና ሥራው በአንጎል ሽፋን ሥር ደም ለፈሰሰባቸው ሕሙማን ሆኖ ቆይቷል።

በሁለተኛው ጥናት 101 ሕሙማን ተሳትፈዋል። ሁሉም ፍሎክሰቲን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ወሰዱ፤ ግማሾቹ በላዩ ላይ ኒሞዲፒን፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒትነት የሌለው አስመሳይ ክኒን ተጨመረላቸው። ከድባቴው ሙሉ በሙሉ የወጡት ኒሞዲፒን ከተጨመረላቸው 54 በመቶ ገደማ ሲሆኑ ካልተጨመረላቸው 27 በመቶ ገደማ ነበሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ተስፋም ይሰጣል። አንባቢው ግን ሁለት ነገር ልብ ይበል። አንደኛ፣ ኒሞዲፒኑ የተሰጠው በድባቴ መድኃኒት ላይ ተደርቦ እንጂ በምትኩ አይደለም፤ ከሁለቱ ወገኖች አንዱም ያለ ፍሎክሰቲን አልታከመም። ሁለተኛ፣ ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ አንድ መቶ ሰው ላይ የታየ ውጤት በሺዎች ላይ ካልተደገመ የሕክምና መመሪያ አይሆንም። ኒሞዲፒን ዛሬም የአረጋውያን ድባቴ መደበኛ ሕክምና ውስጥ አልገባም።

የተለመደው የግፊት ሕክምና ለአንጎል የሚያደርገው ነገር አለ፤ ነገር ግን ከፈውስ ይልቅ ጥበቃ ነው። በአሜሪካ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ስፕሪንት ማይንድ የተባለ ጥናት የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች ለማድረስ የታከሙትን ከ140 በታች ለማድረስ ከታከሙት ጋር አነጻጽሮ፣ በመጀመሪያዎቹ ላይ የአንጎል ነጭ ክፍል ጉዳት በዝግታ እንደጨመረ አሳይቷል። ጉዳቱ ዘገየ እንጂ አልተመለሰም። የቦርከና ወንዝ መስኖ ተቋርጦ የደረቀ ሰብል ውኃው ሲመለስ ወዲያው አያፈራም፤ ያልደረቀው ግን ይተርፋል፤ የግፊት መድኃኒትም ለአንጎል የሚያደርገው ይህን የመሰለ ነው። ስለዚህ «ግፊታቸው 130 ገብቷል፣ አሁን ደግሞ ስሜታቸው ይመለሳል» ብሎ ስድስት ወር መጠበቅ የታመመን ሰው ያለ ሕክምና ማቆየት ነው። ግፊቱም ድባቴውም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መድኃኒት፣ በአንድ ጊዜ መታከም ይኖርባቸዋል።

ስሙ የሚመሳሰለውን መድኃኒት መግዛት

ኒሞዲፒን እና ኒፌዲፒን በአንድ ፊደል የሚለያዩ ይመስላሉ፤ ወገናቸውም አንድ ነው። አንድ ዘመድ ከውጭ አገር ደውሎ ስለ ኒሞዲፒን ሲነግር፣ ወይም ልጅ በስልኩ ሲያነብ፣ ከዚያም በቃል ይዞ ፋርማሲ ሲጠይቅ የሚሰጠው ኒፌዲፒን ሊሆን ይችላል። ኒፌዲፒን ድባቴን እንደሚያግዝ የተፈተነ መድኃኒት አይደለም። በተለይ ቶሎ የሚሠራውን ዓይነት ከፍቶ በምላስ ሥር ማድረግ ለአረጋዊ አደገኛ ነው፤ ግፊቱን በደቂቃዎች ውስጥ አውርዶ አንጎልንና ልብን ደም ሊያሳጣ፣ ከዚያም ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል።

ትክክለኛው ኒሞዲፒን ቢገኝ እንኳ ያለ ሐኪም አይጀመርም። ግፊት ያወርዳል፣ ራስ ያሳምማል፣ ፊትን ያቀላል፤ አምሎዲፒን ለሚወስዱ አረጋዊ ከተደረበ ደግሞ የግፊቱ መውረድ ይብሳል። ከፍሎክሰቲን ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለው የኒሞዲፒን መጠን ከፍ እንደሚል ይታወቃል። በአርጀንቲናው ጥናት ሁለቱ አብረው ሲሰጡ ሕሙማኑ በሐኪሞች ክትትል ሥር ነበሩ፤ ቤት ውስጥ በግምት የሚደረግ ሙከራ ይህ ክትትል የለውም።

«ያስጨነቃቸው የግፊት መድኃኒቱ ነው» ብሎ ማቋረጥ

ይህ እምነት ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሬሰርፒን የተባለው የቆየ የግፊት መድኃኒት በሰፊው ይሰጥ በነበረበት ጊዜ፣ ድባቴ ያመጣል የሚል ወሬ በሐኪሞች ዘንድ ሳይቀር ተስፋፍቶ ነበር። ቀጥሎም ተራው ለፕሮፕራኖሎልና ለወገኖቹ ደረሰ። ይሁን እንጂ በዴንማርክ የሕሙማን መዝገቦች ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ትልቅ ሥራ 41 የግፊት መድኃኒቶችን አንድ በአንድ ሲመረምር፣ አንዳቸውም ቢሆኑ ለድባቴ የመጋለጥን ዕድል እንደማይጨምሩ አገኘ። እንዲያውም እንደ ኢናላፕሪል፣ አምሎዲፒን፣ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ ዘጠኝ መድኃኒቶችን የወሰዱ ሰዎች ዘንድ ድባቴ አነስ ብሎ ታይቷል። ይህ በመዝገብ ላይ የተደረገ ክትትል ስለሆነ «አምሎዲፒን ድባቴ ይከላከላል» ለማለት አይበቃም፤ «ድባቴ ስለያዛቸው አምሎዲፒኑን እናቁም» የሚለውን ግን ውድቅ ለማድረግ ይበቃል።

እውነት የሆነ ነገርም አለ። አቴኖሎል አንዳንዱን ሰው ያደክማል፤ ፕሮፕራኖሎል እንቅልፍ ሊረብሽና ክፉ ሕልም ሊያመጣ ይችላል፤ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል አምጥቶ የሌሊት እንቅልፍ ሊያሳጣ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ድባቴን ሊመስሉ ወይም ሊያባብሱ ይችላሉ፤ ሆኖም መፍትሔው ሐኪሙ በሌላ እንዲለውጠው መጠየቅ ነው። አቴኖሎልን በድንገት ማቆም የልብ ሕመም ላለበት ሰው የደረት ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል፤ የግፊት መድኃኒት በማቋረጥ የሚመጣ ስትሮክ ደግሞ ድባቴን ራሱን ይወልዳል፤ ስትሮክ ከደረሰባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ በድባቴ ይያዛሉና።

አስፒሪን መጨመር

«ደም ያቀጥናል፣ ለአንጎልም ለስሜትም ጥሩ ነው» ተብሎ በቀን አንድ አስፒሪን የሚወሰድበት ቤት አለ። አስፕሪ የተባለውና በአውስትራሊያና በአሜሪካ 19,114 አረጋውያንን ያሳተፈው ጥናት በቀን 100 ሚሊግራም አስፒሪን ድባቴን እንደማይከላከል አሳይቷል፤ የደም መፍሰስን ግን ጨምሯል። ስትሮክ ወይም የልብ ደም ሥር መዘጋት (ሃርት አታክ) ደርሶባቸው ሐኪም ያዘዘላቸው ሰዎች ጉዳይ ሌላ ነው፤ እነርሱ ይቀጥሉ።

ሁለቱ የሕክምና ካርዶች ሳይተዋወቁ መኖር

አረጋዊው ለግፊታቸው በአንድ ክፍል፣ ለድባቴያቸው በሌላ ክፍል ይታያሉ፤ አንዳንዴ አንዱ ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ፣ ሌላው ደሴ ሆስፒታል ወይም ቦሩ ሜዳ ይሆናል። የግፊቱ ባለሙያ የድባቴውን መድኃኒት አያይም፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያው የግፊቱን አያይም። መድኃኒቶቹ ግን በአንድ ሰውነት ውስጥ ይገናኛሉ። እንደ እኔ እምነት በእኛ አካባቢ በአረጋውያን ላይ ሊወገድ ከሚችለው ጉዳት ብዙው የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የሃይድሮክሎሮታያዛይድና የፍሎክሰቲን ወይም የሰርትራሊን ጥምረት ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው የግፊት መድኃኒት ሽንት በማብዛት ከሰውነት ጨው ያስወጣል፤ የድባቴ መድኃኒቶቹም በተለይ በአረጋውያን ላይ፣ ከሁሉም በላይ ቀጭን በሆኑ እናቶች ላይ፣ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሊያወርዱ ይችላሉ። ሁለቱ ሲደመሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አረጋዊቷ ይደክማሉ፣ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ነገር ይምታታባቸዋል፣ ይወድቃሉ። ቤተሰብ «ድባቴው ባሰ» ብሎ መጠኑ እንዲጨመር ይጠይቃል፤ የሚያስፈልገው ግን የደም ሶዲየም ምርመራ ነው። ከ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ሙቀቱ ከደሴ ይበረታል፤ ደሴ የኖሩ እናት ልጃቸው ዘንድ ወርደው ሲሰነብቱ በላብ የሚወጣው ውኃና ጨው በዚህ ላይ እንደሚጨመር መርሳት አይገባም።

ሁለተኛው አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ነው። ርካሽ ስለሆነና እንቅልፍ ስለሚሰጥ በብዛት ይታዘዛል። ለአረጋዊ ግን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ የፕሮስቴት ዕጢ ሕመም ያለባቸውን አባቶች ሽንት ይከለክላል፣ የልብን ምት ያዛባል፣ በቆሙ ጊዜ ደግሞ ግፊትን ያወርዳል። ከግፊት መድኃኒት ጋር ተደርቦ ሌሊት ለሽንት የተነሡ አባት መሬት ላይ ሊገኙ ይችላሉ። የዳሌ አጥንት ስብራት በዚህ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም፤ የደሴን ዳገትና ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ከስብራት በኋላ የሚመጣውን የቤት ውስጥ እስር ያውቃል። ፍሎክሰቲንም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም፤ በብሪታንያ ስትሮክ በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ፎከስ የተባለው ጥናት ፍሎክሰቲን ድባቴን እንደቀነሰ፣ የአጥንት ስብራትን ግን እንደጨመረ አሳይቷል።

ሌሎቹን ባጭሩ ልጥቀስ። ፍሎክሰቲን ሜቶፕሮሎልና ፕሮፕራኖሎል የተባሉት የግፊት መድኃኒቶች ከሰውነት ቶሎ እንዳይወገዱ ስለሚያደርግ የልብ ምት ከመጠን በላይ ሊዘገይ ይችላል፤ በኩላሊት የሚወጣው አቴኖሎል በዚህ ረገድ ይሻላል። ፍሎክሰቲንን ወይም ሰርትራሊንን ከአስፒሪን፣ ደም ከሚያቀጥነው ዋርፋሪን፣ ወይም ለጉልበትና ለወገብ ሕመም እየተገዛ ከሚወሰደው ዳይክሎፈናክ ጋር ማደራረብ የጨጓራ መድማትን ያበዛል፤ ዳይክሎፈናክ በላዩ ላይ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል።

መፍትሔው ቀላልና ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ለየትኛውም ቀጠሮ ሲሄዱ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከገበያ የተገዛውን ማስታገሻና ባህላዊውን ጭምር፣ ከነማሸጊያው በአንድ ከረጢት ይዞ መሄድ ነው። ሐኪሙ ግፊቱን ሁለት ጊዜ እንዲለካ መጠየቅም ይገባል፦ አንድ ጊዜ ጋደም ብለው ወይም ተቀምጠው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከቆሙ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ። የላይኛው 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ መድኃኒቱ መስተካከል አለበት። ተቀምጠው 130 የሆኑ አረጋዊ ቆመው 100 ሊሆኑ ይችላሉና በመቀመጥ ብቻ የተለካ ግፊት ለእነዚህ ሰዎች አይበቃም።

ቀላሉን ምርመራ ትቶ ውዱን መሻት

የደም ሥር ጉዳቱ ኤምአርአይ በተባለው የአንጎል ምስል ይታያል ሲባል፣ ልጆች ተሰባስበው ገንዘብ አዋጥተው አባታቸውን አዲስ አበባ ሊወስዱ ይነሣሉ። ምስሉ ነጭ ነጠብጣቦችን ቢያሳይም በብዙ ጤነኛ አረጋውያንም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይታያል፤ ሕክምናውንም ብዙ አይለውጥም። እጅና እግር በድንገት ከደከመ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ወይም ከመውደቅ በኋላ ራስ ምታትና መደንዘዝ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ምስል በአስቸኳይ ያስፈልጋል። ከዚህ ውጭ ቅድሚያ የሚሰጠው የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የታይሮይድ፣ የኩላሊትና የሶዲየም ምርመራ ነው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲቀንስ ሰውን ያዘገያል፣ ያበርዳል፣ ያስተክዛል። ዓይናቸው በሞራ የተሸፈነ ወይም ጆሯቸው የከበደ አረጋዊም ከጨዋታ የራቁት ስለማያዩና ስለማይሰሙ ሊሆን ይችላል።

ሕክምናውን በክኒን ብቻ መወሰን

ዕቅድ የማውጣትና ነገር የመጀመር ችሎታቸው ለተጎዳባቸው አረጋውያን ከተፈተኑት የንግግር ሕክምናዎች አንዱ ችግርን በትንንሹ ከፍሎ መፍታት የሚባለው ነው፤ አሌክሶፖሎስና ፓትሪሺያ አሪያን በሠሩት ሥራ ይህ ዘዴ ከተራ የማጽናናት ንግግር ይበልጥ ረድቷል። የሠለጠነ ባለሙያ ባይገኝም ቤተሰብ ከመንገዱ የሚወስደው አለ። «እናቴ፣ ዛሬ ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» የሚለው ሰፊ ጥያቄ ዝምታን ያመጣል። «ከዐሥር ሰዓት በኋላ እስከ ጎረቤት በር አብረን እንሂድ፤ ጫማዎን እኔ አመጣለሁ» የሚለው ግን መጀመሪያውን ይሰጣቸዋል። የወሎ ቡና ሥርዓት እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ዱዓውና ምርቃቱ ለሽማግሌ ቦታ ይሰጣል። አረጋዊቷን ጓዳ ትቶ ጎረቤት ጋር ቡና ከመጠጣት፣ ቡናውን እርሳቸው ወዳሉበት አምጥቶ ምርቃቱን ከእርሳቸው አፍ መጠበቅ ይሻላል። ጫት የሚቅሙ አባት ካሉም ለሐኪሙ በግልጽ ይነገር፤ ጫት ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ በማግሥቱ የሚመጣው የስሜት መውደቅም ድባቴውን ያጎላዋል።

ጸበልና ዱዓን በተመለከተ፣ ከመድኃኒት ጋር የሚጣላ ነገር የለውም። ስህተቱ መድኃኒቱን ለዚያ ብሎ ማቆም ነው።

ሞትን ስለመመኘት አለመጠየቅ

ብዙ ልጆች ይህን ጥያቄ ነውር አድርገው ያዩታል፤ ሐሳቡን የሚያስገቡባቸውም ይመስላቸዋል። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም። አረጋውያን፣ በተለይም ብቻቸውን የቀሩ ወንዶች፣ ራስን የማጥፋት አደጋ ካለባቸው ሰዎች መካከል ናቸው። «አላህ ይውሰደኝ» ወይም «እግዜር ቢጠራኝ ምን አለ» የሚለው አነጋገር የተለመደ መሆኑ ነገሩን ያስታል፤ ስለዚህ ረጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ «አባባ፣ ኑሮው ከብዶዎት ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻቸውን አይተዉ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰዱ፤ ገመድ፣ የተባይ መርዝና የተከማቸ መድኃኒት ከአጠገባቸው ይነሣ። በተለይ አሚትሪፕቲሊን በብዛት ሲዋጥ ልብን የሚያቆም ስለሆነ መድኃኒቱን የሚይዘውና የሚሰጠው ሌላ የቤተሰብ አባል ይሁን።

በሁለት ሳምንት ለውጥ መጠበቅ፣ በተሻላቸው ማግሥት ማቆም

የድባቴ መድኃኒት በወጣቶች ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ መሥራት ይጀምራል፤ በአረጋውያን ላይ ግን ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ዐሥራ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ የደም ሥር ጉዳት ካለ ደግሞ ምላሹ ይበልጥ ይዘገያል። መጠኑ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ ብሎ ስለሚጨመር ቤተሰብ «ምንም አልሠራም» ብሎ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሲያቆም መድኃኒቱ የመሥራት ዕድል ሳያገኝ ይቀራል። ከተሻላቸው በኋላም ቢያንስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይቀጥላል፤ ሲቆምም በሐኪም መሪነት ቀስ በቀስ ነው። የግፊቱ መድኃኒት ግን ድባቴው ቢለቅም አይቆምም።

ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በረመዳን ነው፤ በዐቢይ ጾምም የሚያቋርጡ አሉ። ፍሎክሰቲን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድና በሰውነት ውስጥ ለብዙ ቀን የሚቆይ ስለሆነ በኢፍጣር ወይም በሱሑር ሰዓት መውሰድ ይቻላል፤ አምሎዲፒንም እንዲሁ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድን በሱሑር ወስዶ ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋል ግን ሰውነትን ያደርቃል፣ ሶዲየምንም ሊያዛባ ይችላል፤ ሐኪሙ ሰዓቱን ወይም መድኃኒቱን ሊለውጠው ይገባል። አንዳንድ አረጋውያንም ከነጭራሹ እንዳይጾሙ ይመከራሉ፤ ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው የሰጠውን ፈቃድ በእነርሱ ዘንድ የታመኑ ሸህ ወይም የንስሐ አባት ቢያስረዷቸው ከልጅ ቃል ይበልጥ ይሰሙታል። የሰዓት ወይም የመጠን ለውጥ ከተደረገ በኋላ ግፊቱንና ሶዲየሙን መልሶ ለማየት ሳምንታት ስለሚያስፈልጉ፣ ይህን ጉዳይ ይዞ ወደ ሐኪም የሚኬደው ጾሙ ከመግባቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው።